የሕፃን ሰው ሠራሽ እግር በአንድ ጊዜ ስጦታ አያበቃም

እግሩን ያጣ ሕፃን አዲስ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞለት፣ የመለማመጃውን ብረት ግራና ቀኝ ይዞ ሲራመድ፣ እናቱም በደስታ ስታነባ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ገጾች ደጋግመን አይተናል። ደስታው እውነተኛ ነው፤ የለጋሾችም ሆነ የባለሙያዎች ልፋት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ያ ሕፃን ከዓመትና ከሁለት ዓመት በኋላ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ተከታትሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም፤ መጠየቅ ያለበት ግን ይህ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ሰው ሠራሽ እግሩ አይሆነውም።

በሙያው እንደሚታወቀው ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በየዓመቱ ገደማ፣ ከዚያ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለው በየሁለት ዓመቱ፣ ጎረምሳው ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ አዲስ ሰው ሠራሽ እግር ያስፈልገዋል። በአራት ዓመቱ እግሩ የተቆረጠ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ስድስት ጊዜ ያህል ይቀየርለታል ማለት ነው፤ በመሐሉ ያለውን ጥገና ሳንቆጥር። ጠንቃቃ ባለሙያ በጀሶ ልክ ሲወስድ ዕድገቱን አስቀድሞ ያስባል፤ ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል የሚገባበትን ሶኬት ጥቂት ሰፋ አድርጎ ሠርቶ ልጁን ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቦ ያስለብሰዋል፤ ልጁ እየወፈረ ሲሄድ ካልሲው አንድ በአንድ ይወልቃል። የሚወልቅ ካልሲ ሲያልቅ ቆዳው ይቀላል፣ ይቆስላል፤ ሰው ሠራሽ እግሩም ስለሚያጥርበት ልጁ ወገቡን እያዘነበለ መሄድ ይጀምራል። ይህን ጊዜ ማዕከሉ ሩቅ ከሆነ፣ ወይም ወላጅ የት መሄድ እንዳለበት ካላወቀ፣ እግሩ በር ሥር ተጥሎ ልጁ ወደ ክራንቹ ይመለሳል።

አጥንቱም የራሱ ጣጣ አለው። በልጅነት አጥንቱ መሐል ላይ የተቆረጠ እግር ጫፉ ከሥጋው ቀድሞ እያደገ ቆዳውን ሊወጋ፣ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልገው ይችላል። የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ሲቻል በመገጣጠሚያው ላይ መቁረጥን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያው ከቀዶ ሐኪሙ ጋር መመካከር ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው።

በአገራችን ሕፃናት እጅና እግራቸውን የሚያጡበት መንገድ ብዙ ነው። ገና ከመወለዳቸው የጎደላቸው አሉ፤ ከጦርነት የተረፈ ፈንጂ የጎዳቸው አሉ። ወድቆ እጁ የተሰበረ ልጅ ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደሙ መዘዋወር ያቆምና፣ ሆስፒታል ሲደርስ ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ የማይኖርበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ወጌሾችን ለአንድ ቀን ማሠልጠን እንኳ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡትን ቁጥር እንደሚቀንስ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። እንዲህ ያለው ሥራ በየወረዳው ለምን እንዳልተለመደ አይገባኝም።

ተቆርጦ የሚወጣውን ልጅ ግን ሆስፒታሉ ለማን ያስረክበዋል? ቀዶ ሕክምናው የጤና ዘርፍ ሥራ ሲሆን፣ በየክልሉ ያሉት የአካል ተሀድሶ ማዕከላት ለረጅም ጊዜ የተዳደሩት በአብዛኛው በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥር ነው፤ ልጁ በሁለቱ መካከል ይጠፋል። ከገጠር የሚመጣ አባት ልኬት እስኪወሰድ፣ እግሩ እስኪሠራና ልጁ መራመድ እስኪለማመድ ለሳምንታት ከተማ መቀመጥ አለበት፤ በእርሻ ወቅት ይህን የሚችል ጥቂት ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መናገሻ ላይ አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ሲያገለግል የኖረው የቼሻየር ማዕከል ልጆችን አሳድሮ ማከምን በተግባር አሳይቶናል፤ በአንድ ማዕከል የተቻለው በየክልሉ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

የእጅ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በምዕራብ ጀርመን ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ሲሸጥ ቆይቶ፣ እናቶች በእርግዝና ጊዜ ስለወሰዱት በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱ ሕፃናት አብዛኞቹ እጅና እግራቸው አጥሮ ወይም ጎድሎ እንዲወለዱ ምክንያት ሆነ። መንግሥታትና መሐንዲሶች ደንግጠው በጋዝ ግፊት የሚንቀሳቀሱ ክንዶች ሠሩላቸው። መሣሪያዎቹ ለጊዜው ድንቅ ነበሩ፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ግን ከብደዋቸው፣ ሙቀቱም አስመርሯቸው፣ የመዳሰስ ስሜታቸውን ስለሸፈነባቸውም አውልቀው ጣሏቸው፤ በእግር ጣቶቻቸውና በአጭር እጃቸው መጻፍና መብላት ቀሏቸው ነበርና። ዛሬም በሦስት አቅጣጫ (3D) ማተሚያ የሚሠሩ ባለ ደማቅ ቀለም እጆች ሲታደሉ ልጁን ራሱን «በዚህ ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቅደም። አልፈልግም ካለ መልሱ ይከበር፤ ወላጅም ልጁን «ሙሉ» ለማስመሰል አያስገድደው።

ሕጉ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋም ሀብት እንዲመድብ ያዛል፤ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ሥራ ነው፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሕፃናትን ሰው ሠራሽ አካል እስከ 18 ዓመታቸው ከነተከታታይ ቅያሪውና ጥገናው በግልጽ ይሸፍን፤ እያንዳንዱ ማዕከል የሚያገለግላቸውን ልጆች መዝግቦ በየስድስት ወሩ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ይፈልጋቸው። ለጋሽም ሆነ ቢሮ የዓመቱን ሪፖርት ሲያቀርብ ስንት ልጆች የመጀመሪያ እግራቸውን እንዳገኙ ብቻ ሳይሆን፣ ስንቶቹ ሁለተኛቸውንና ሦስተኛቸውን በጊዜው እንደተቀበሉ ጨምሮ ይንገረን።