ፍርሃቱ ከኪቦርዱ አይደለም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የነርሲንግ ተማሪዎች የኮምፒውተር ፍርሃት የሥልጠና ሰዓት ሲጨመር ይጠፋል ይላል። እኔ አልስማማም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚውል ተማሪ እኮ የታካሚ መዝገብ ሲከፈትለት እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚያስፈራው መድኃኒትን በሌላ ታካሚ ስም መመዝገብ ነው። 0.5 ሚሊግራም ሊጽፍ ፈልጎ ነጥቧ ብትዘለል መጠኑ 10 እጥፍ ይሆናል። ይህ ተገቢ ስጋት ነው፤ ሊናቅ አይገባም።

ጉዳዩ አዲስም አይደለም። የኮምፒውተር ጭንቀትን የሚለካ ባለ 19 ጥያቄ መጠይቅ በ1987 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአሜሪካ የነርሶች የፈቃድ ፈተናም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ዛሬም ግን ወርድና ኤክሴል ብቻ አስተምሮ ተማሪን ወደ ሕሙማን ክፍል መላክ የትም አያደርስም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከሁሉ በላይ የሚገነባው ራስ ሠርቶ በማየት ነው። ስለዚህ የእውነተኛ ታካሚ መረጃ የሌለበት የመለማመጃ መዝገብ ይሰጣቸው። ይሳሳቱበት፣ ራሳቸው ያርሙት። ማንም አይጎዳም። መምህራንም እባካችሁ፣ ተማሪው ሲዘገይ ማውሱን ከእጁ አትንጠቁት። አጠገቡ ሆናችሁ ጠብቁት፤ ሲጠይቃችሁ ብቻ አሳዩት።