ደንገሉ ከመታረሱ በፊት አነሩን እንቁጠረው

የባሕር ዳር ሰው ስለ ጣና ሲያወራ ዓሣውን፣ ጉማሬውን፣ እምቦጩን ያነሳል። አነር ትዝ የሚለን ዶሮ ሲጠፋ ነው። ጠዋት ቆጡ ሥር ላባ ተበትኖ ይገኛል። አንዱ «ሸለምጥማጥ ነው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ አነር ነው» ይላል። በዓይኑ ያየ ግን የለም።

ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሸለምጥማጥ የጥርኝ ዘመድ እንጂ ድመት አይደለም። አነር ግን የለየለት ድመት ነው። እግሩ ረጅም፣ ጆሮው ትልቅ ነው። ሣር ውስጥ የምትንኮሻኮሽ አይጥ ድምፅ ሰምቶ ከላይ ዘሎ ይይዛታል። ዋና ምግቡ እሷ ናት። ፎገራ ላይ ሩዝ ለሚዘራ ገበሬ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ነው በሐይቁ ዳር ረግረጎችና በዘጌ ጫካ ራሳቸው ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች ይተከሉ የምለው። ካሜራው ትኩስ ገላ ያለው ነገር ፊቱ ሲያልፍ ለይቶ ያነሳል፣ ሌሊትም ጭምር። ጉልበት በሚደርስ ከፍታ ይታሰራል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል። የአነር ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የቀኝ ጎኑ ከግራው አይመሳሰልም። የታወቀው ስንቴ እንደተመለሰ፣ አዲስ ስንት እንደመጣ ታይቶ ብዛቱ ይሰላል። የህንዱ የዱር እንስሳት ተመራማሪ ኡላስ ካራንት በአገሩ ናጋራሆሌ ፓርክ ያሉትን ታይገሮች በዚህ መንገድ ቆጥሮ በ1995 እ.ኤ.አ. አሳትሟል።

ከቁጥሩ በላይ እኔን የሚያጓጓኝ ቦታው ነው። ደንገሉ፣ ማለትም የረግረጉ ረጅም ተክል፣ በቆመበት አነር ይታያል? ተቆርጦ በታረሰበትስ? ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል። ረግረጉ ግን ዛሬም በእርሻ እየተገፋ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ በግምት ከምንከራከር ፎቶና ካርታ ይዘን ብንቀርብ ይሻላል።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ካሜራው ሰውም ያነሳል። እንጨት ለቅማ የምትመለስ እናት፣ ታጥቦ የሚወጣ ልጅ። ስለዚህ መንደሩንና የገዳሙን አባቶች አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ የሰው ፎቶ ከገባም ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው። ካሜራውን የሚተክሉትም የሠፈሩ ልጆች ይሁኑ። አውሬ የሚያልፍባትን ቀጭን መንገድ ከእረኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሣሩንም እነሱ ይጨዱት። ክረምት ላይ ካልታጨደ፣ ፀሐይ ያሞቀውን ሣር ነፋስ ሲያወዛውዘው ካሜራው ትኩስ ገላ መስሎት ያነሳል። ካርዱ በባዶ ፎቶ ይሞላና አነሩ ሲመጣ ቦታ አይኖርም።