ሲሚንቶ ደረቀ ማለት ለዓሣ ሆነ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ለዓሣ ገንዳህ ጀርባ ከነጩ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎምና ከሲሚንቶ የጣርማበርን ገደል አስመስለህ መሥራትህ በጣም ደስ ይላል። ግን «በሦስት ቀን ደርቋል፤ ከደረቀ ደግሞ ዓሣ አይጎዳም» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚያምን ነው የምጽፍልህ።

ችግሩ እርጥበቱ አይደለም፤ ኖራው ነው። ሲሚንቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ኖራው እየሟሟ ይወጣል። በትንሽ ገንዳ ውስጥ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያውን) ከ10 በላይ ሊያደርሰው ይችላል። አብዛኛው የቤት ዓሣ ደግሞ የሚስማማው ከ6.5 እስከ 8 ባለው ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ይቃጠላል።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ አትርሳ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ሲሚንቶ በብርድ የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ በላስቲክ ሸፍነህ፣ እርጥበቱን ጠብቀህ አንድ ወር ያህል አቆየው። ከዚያ በርሜል ውሃ ውስጥ ንከረውና ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይር። አንድ ሳምንት ሳትቀይር ትተኸው ፒኤቹ ከቧንቧ ውሃህ ጋር እኩል ከሆነ፣ ያኔ ዓሣ አስገባ። ሳትለካ ግን በጭራሽ!

ስለ ማጣበቂያው ሲሊኮንም፣ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትፍራው። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። የሚያሰጋው «ሻጋታ ይከላከላል» የሚለው የመታጠቢያ ቤቱ ነው፤ ፀረ ሻጋታው ዓሣ ሊገድል ይችላል።