አትክልቱማ የጾም ነው

ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ባልቴት ሰባት ዓመት ሙሉ ያነጋገሩኝ ስለ ደረጃ ብቻ ነው። በዚያ አገር የሕንፃው ደረጃ የሚጠረገው በተራ ነው። ተረኛው በር ላይ «ኬርቮኸ»፣ የመጥረጊያ ሳምንት፣ የምትል ሰሌዳ ትንጠለጠላለች፤ አንዴ ከተንጠለጠለች ወዲያ ታምሜ ነበር ማለት አያዋጣም።

አንድ ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ ዐይናቸው ከፌስታሌ ውስጥ የታሸገ ሽፔትስሌ ላይ አረፈ።

«ይህን ሊበሉት ነው?» አሉኝ።

ድምፁን ዐውቀዋለሁ። ጎረቤታችን የተፈጨ በርበሬ ከሱፐርማርኬት ገዝታ የገባች ዕለት እናቴ ያወጣችው ድምፅ ነው።

ሽፔትስሌ ሽቫቦች፣ የዚያ አካባቢ ሰዎች፣ የሚኮሩበት የእንቁላል ፓስታ ነው። ትርጉሙ «ትንንሽ ድንቢጦች» ማለት ነው። ሽቫቦች የወደዱትን ነገር ሁሉ ጫፉ ላይ «ሌ» ጨምረው ያሳንሱታል፤ ሦስት ፎቅ ቢሆንም ቤታቸው «ሆይስሌ» ነው። «የሽቫቤን ሽፔትስሌ» የሚለውን ስም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የአውሮፓ ኅብረት በሕግ አስከብሮላቸዋል፤ ሌላ አገር የተሠራ ፓስታ በዚህ ስም አይሸጥም። የጤፍ ባለቤትነት ሆላንድ ውስጥ ተመዝግቦብን ስንከራከር ለኖርን ለእኛ ቢያስቀናን አይፈረድብንም።

በማግስቱ እንግዶች ነበሩብኝና ያስተምሩኝ ዘንድ ለመንኳቸው። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ የእንጨት ማንኪያ ይዘው መጡ። ለመቶ ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል፣ ጨው፣ ትንሽ ውሃ፤ በመጨረሻም «ለድስቱ» አንድ ተጨማሪ እንቁላል። ድስቱ እንቁላል ምን ያደርግለታል ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚያ ሊጡ አረፋ እስኪያወጣ መምታት ነው። እኔ እንጀራው ዐይን እንዲያወጣ ሊጡ እስኪቦካ ቀናት የሚታገሥ ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ግን አረፋው በአሥር ደቂቃ ይፈለጋል፣ ዋጋውም የሚከፈለው በክንድ ነው።

«መጭመቂያ መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩ እጄ ሲዝል።

በሩን ዘወር ብለው ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሦስተኛ ፎቅ ያለችው በእርሱ ነው የምትሠራው» አሉኝ። በእኛ ሰፈር ቋንቋ «ጤፏ ላይ ሩዝ ትቀላቅላለች» መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ፎቅን ቀና ብዬ ማየት ተስኖኛል።

ባልቴቲቱ መክተፊያውን በፈላው ውሃ አራሱና ሊጡን ጫፉ ላይ አሳስተው በቢላ እየፋቁ ወደ ድስቱ ሰደዱት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቀጫጭኖቹ ድንቢጦች ጠልቀው ብቅ ሲሉ በቀዳዳ ጭልፋ ወጡ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን የወረደው ጓል ነው። ጎንበስ ብለው አዩት። እቆጣለሁ ብለው ተዉት መሰለኝ፣ «ይህ ክኖፕፍሌ ነው» አሉ። «ክኖፕፍሌ» ትንንሽ የልብስ ቁልፎች ማለት ነው፤ አጠር ደንደን ያለው ወንድሙ። እርሱም በሕግ የተጠበቀ ነው። ለውድቀት ሳይቀር ስም ያወጣ፣ ስሙንም በሕግ ያስጠበቀ አገር!

ጠብ የተነሣው በአትክልቱ ነው። እርሳቸው እንደሚሉት ሽፔትስሌ የሚበላው ከምስርና ከቋሊማ ጋር፣ ካልሆነም ከጥብስ መረቅ ጋር ነው። እኔ ግን ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን በዘይት ጠብሼ ልደባልቀው ነበር፤ ነገ ረቡዕ ነዋ። «አትክልት ለሕመምተኛ ነው» ብለው ማንኪያቸውን ይዘው ወረዱ።

ረቡዕ ማታ እንግዶቼ ሳህኑ ላይ አረንጓዴና ብርቱካናማ ሲያዩ ደስ አላቸው። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ግን ሹካቸውን አንሥተው ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ይህ መኮሮኒ የጾም ነው?»

ሊጡ ውስጥ የድስቱን ጨምሮ ስድስት እንቁላል አለ።

«አትክልቱማ የጾም ነው ጋሼ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። መጀመሪያ ካሮቱን ለቀሙ። ቀጥሎ ጎመኑን። ከዚያ «መንገደኛ…» የሚል ነገር አጉተመተሙና ወደ ድንቢጦቹ ገቡ። ከ1983 ጀምሮ ጀርመን የሚኖሩ መንገደኛ ናቸው። ሌላው እንግዳዬ እንጀራ የለም ወይ ብሎ ጠይቆ ሲመጣለት ሽፔትስሌውን ጠቅልሎ ጎረሰው፤ ሚጥሚጣም በላዩ ነሰነሰበት። ጉዱን ባልቴቲቱ አለማየታቸው በጀ።

ቢሆንም የጎረቤት ነገር አይቀርምና፣ ከተረፈው በጎድጓዳ ሳህን ይዤ ወረድኩ። ሚጥሚጣው እንደነካው የተገነዘብኩት በሩን ካንኳኳሁ በኋላ ነው። በቁማቸው ቀመሱ። ዐይናቸው ዕንባ አቀረረ፤ ቃል ሳይወጣቸው ሳህኑን ይዘው ገቡና በሩን ዘጉ። ሽቫቦች «ያልተቆጣ አመስግኗል» የሚል አባባል አላቸው፤ እኔ ግን ይህ በር ከየትኛው እንደሚቆጠር ሳሰላስል አደርኩ።

ጠዋት ሳህኑ ታጥቦ ደጄ ላይ ተቀምጧል። ባዶ ሳህን አይመለስም የሚለውን ወግ ከማን እንደሰሙ እንጃ፤ በውስጡ የተጀመረ የሽፔትስሌ ዱቄት ከረጢት አለ፤ አፉ በላስቲክ ታስሮ፣ ከጎኑ በእርሳስ «310 ግራም» ተብሎ ተጽፎበት። ከበሩ እጀታ ላይ ደግሞ የኬርቮኸ ሰሌዳ ተንጠልጥላለች።