ዕጣ ፈንታ አትበሉት፦ የቹዮ መርከብና 21ዱ ምርኮኞች

አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ቡና እየጠጣን የሁለት አሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦችን ታሪክ አጫወተኝ። አንደኛዋ በሰላሙ ጊዜ የሰመጠችውን ሌላኛዋን ከባሕር ሥር ፈልጋ አገኘቻት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል፣ ያቺ የተገኘችው ፈላጊዋ ላይ ይሠሩ የነበሩትን ሰዎች ሳታውቅ ገደለቻቸው። ጓደኛዬ ተርኮ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀና «ቀን ከጣለ ምን ይደረጋል፣ ዕጣ ፈንታ ነው» አለ። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደሱ ነው ያልኩት። ታሪኩ ሲሰሙት ሰውነት ይነዝራል።

ውዬ አድሬ ሳስበው ግን «ዕጣ ፈንታ» የምትለዋ ቃል ከነከነችኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው ሁሉ ዘሎ የሚያልፋት ሦስተኛ መርከብ አለች። የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ ናት፣ ስሟ ቹዮ። ሰዎቹ የሞቱት እሷ ላይ ተጭነው ነው። የእሷን ታሪክ ከሥሩ ያየ ሰው አፉን ሞልቶ ዕጣ ፈንታ ለማለት የሚችል አይመስለኝም። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቹዮ ስትሠራ የጦር መርከብ አልነበረችም። ኒታ ማሩ ትባል ነበር፤ የመንገደኞች መርከብ። ናጋሳኪ ላይ ሚትሱቢሺ ሠራት፣ በ1940 መጋቢት ላይ ሥራ ጀመረች። ባለቤቷ ኒፖን ዩሴን ካይሻ የሚባለው የጃፓን ትልቅ የመርከብ ድርጅት ነው፤ በአጭሩ ኤን ዋይ ኬ ይሉታል። ሦስት እህትማማቾች ነበሩ፦ ኒታ፣ ያዋታ፣ ካሱጋ። የሦስቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል በላቲኑ ስትደረድሩት የድርጅቱ አጭር ስም ይወጣል። እንዲህ ስም የሚወጣላት መርከብ የተወደደች መርከብ ናት። የታሰቡት ለአውሮፓ መስመር ነበር፣ አውሮፓ በጦርነት ስትታመስ ግን ኒታ ማሩ ፊቷን አዙራ በጃፓንና በአሜሪካ መካከል፣ እስከ ሳንፍራንሲስኮ፣ መንገደኛ ታመላልስ ጀመር። ያኔ የተሳፈሩባት ሰዎች ምሳቸውን በልተው ወለሉ ላይ እየተንሸራሸሩ ባሕሩን ያዩ ነበር።

ነገር ግን የጃፓን ባሕር ኃይል ገና ከጅምሩ ዓይኑን ጥሎባታል። መንግሥት በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ትልልቅና ፈጣን መርከቦች ሲሠሩ ድጎማ የሚሰጠው ለመንገደኞች ምቾት ብሎ አልነበረም። ክፉ ቀን ሲመጣ ተቆርጠውና ተቀጥለው ለጦርነት እንዲውሉ ነው። ቀኑ በዲሴምበር 1941፣ ጃፓን ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ስትገጥም፣ መጣ።

አውሮፕላን ተሸካሚ ከመሆኗ በፊት የሠራችው አንድ ጉዞ አለ። እሱን ሳልናገር ባልፍ ቀሪው ታሪክ አይገባም።

ዌክ የምትባለውን ፓስፊክ ውስጥ ያለች ትንሽ የአሜሪካ ደሴት ጃፓኖች በዲሴምበር 23 ቀን 1941 ያዟት። በተከታዩ ጃንዋሪ ኒታ ማሩ ወደ ደሴቲቱ ሄዳ ከ1,000 በላይ አሜሪካውያን ጫነች። ከፊሉ ወታደር፣ የሚበዛው ደሴቲቱ ላይ ግንባታ ይሠራ የነበረ ሲቪል ሠራተኛ። እነዚህን ሰዎች መንገደኛ በተንሸራሸረበት ወለል ላይ አላስቀመጧቸውም፤ ከታች የዕቃ ክፍል ውስጥ አጎሯቸው። የጽሑፍ ደንብም ተሰጣቸው። ደንቡ በሞት የሚያስቀጡ ጥፋቶችን ይዘረዝራል። ያለ ፈቃድ መናገር። ድምፅ ከፍ ማድረግ። ሳይታዘዙ መንቀሳቀስ። ከሁለት ብርድ ልብስ በላይ መጠቀም። እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። በጃንዋሪ ብርድ፣ ሐሩር ከለመደ ደሴት ያመጣኸውን ሰው፣ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ከደረበ ሞት ይገባዋል ብሎ ወረቀት ላይ ማስፈር። ይህን የጻፈ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦ ነው የጻፈው። መርከቧ ዮኮሃማ ጎራ ብላ ወደ ሻንጋይ ስትሄድ አምስት ምርኮኞች ወደ ላይ ተወሰዱና በሰይፍ አንገታቸው ተቀላ። ሬሳቸው ባሕር ተጣለ። ምንም የተለየ ጥፋት አላጠፉም፤ ለበቀል የተመረጡ ናቸው።

እንግዲህ ያቺ መርከብ ናት በ1942 ኩሬ በምትባለው የጃፓን ከተማ ወዳለው የባሕር ኃይል መርከብ ግንባታ ቦታ ገብታ የተቀየረችው። ላይዋን ቆርጠው ጣሉት። ካቢኔው፣ ሳሎኑ፣ ጭስ መውጫው፣ ሁሉም ተነሳ። በቦታው 172 ሜትር ርዝመት ያለው ዝርግ ወለል ተነጠፈበት። በኖቬምበር ላይ ሥራው አልቆ ቹዮ የሚል አዲስ ስም ተሰጣት። ያዋታ ማሩ ኡንዮ ሆነች፣ ካሱጋ ማሩ ደግሞ ታይዮ። ሦስቱም እህትማማቾች አንድ ዓይነት ዕድል ገጠማቸው።

ታዲያ አውሮፕላን ተሸካሚ ሲባል ብዙ ሰው ፐርል ሐርበርን የደበደቡትን ዓይነት መርከቦች ነው የሚያስበው። ቹዮ እንደዚያ አልነበረችም። ፍጥነቷ 21 ኖት (በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር) ገደማ ነው፣ ከ30 ኖት በላይ ከሚሮጡት ትልልቆቹ ጋር እኩል መሄድ አትችልም። ሌላው ችግር ከዚህ የባሰ ነው፤ አውሮፕላን ማስፈንጠሪያ የላትም። የአሜሪካ ትንንሽ ተሸካሚዎች አውሮፕላኑን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ የሚያስፈነጥር መሣሪያ ስለነበራቸው በአጭር ወለል ላይ ከባድ ቦምብ የተሸከመ አውሮፕላን ማስነሳት ይችሉ ነበር። ጃፓኖቹ ይህን መሣሪያ በተሸካሚዎቻቸው ላይ አልገጠሙም። ስለዚህ አጭር ወለል፣ ቀርፋፋ መርከብ፣ ማስፈንጠሪያ የለም፤ ለውጊያ አትሆንም። የቀራት ሥራ ማጓጓዝ ብቻ ነበር።

ያንንም ሠራች። ከዮኮሱካ (ቶኪዮ አጠገብ ካለው የጃፓን ባሕር ኃይል ወደብ) ወደ ትሩክ፣ ከትሩክ ወደ ዮኮሱካ። ትሩክ (ዛሬ ቹክ የሚባለው፣ ማይክሮኔዥያ ውስጥ ያለው) የጃፓን ባሕር ኃይል በማዕከላዊ ፓስፊክ የነበረው ዋና ማረፊያ ነው። ስትሄድ አውሮፕላን፣ ወታደርና ዕቃ ትጭናለች፣ ስትመለስ ሰው ትመልሳለች። በሴፕቴምበር 1943 እህቷ ታይዮ በአሜሪካ ሰርጓጅ ቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ እየቀዘፈ ሄዶ የሚፈነዳ መሣሪያ) ስትመታ ጎትታ ወደ ዮኮሱካ የመለሰቻት ቹዮ ናት። በአንድ ዓመት ዕድሜዋ የረባ ውጊያ አላየችም። ስሟ አውሮፕላን ተሸካሚ ይሁን እንጂ በሥራዋ ያው የቀድሞዋ መንገደኛ ጫኝ ነበረች። ልዩነቱ አሁን እንደ ጦር መርከብ የምትታደን መሆኗ ነው። ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። የውስጧ ጭነት ሰው፣ የውጪ መልኳ ዒላማ።

አሁን ጓደኛዬ ወደነገረኝ ታሪክ ልመለስ።

በሜይ 23 ቀን 1939 ስኳለስ የምትባል አዲስ የአሜሪካ ሰርጓጅ ኒው ሐምፕሻየር አጠገብ ለሙከራ ጠልቃ የአየር ማስገቢያዋ ሳይዘጋ ቀረና ውሃ ገባባት። 26 ሰዎች ሞቱ። የቀሩት 33 በ70 ሜትር ጥልቀት ላይ ተዘግተው ቁጭ አሉ። ፈልጋ ያገኘቻቸው እህቷ ስከልፒን ናት። ከዚያ ደወል በሚመስል የብረት ክፍል እየተመላለሱ 33ቱንም በሕይወት አወጧቸው። ስኳለስም ከባሕር ወጣች፣ ተጠገነች፣ ሴይልፊሽ የሚል አዲስ ስም ይዛ ወደ ሥራ ተመለሰች።

በኖቬምበር 19 ቀን 1943 ያማጉሞ የተባለች የጃፓን ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) ስከልፒንን ትሩክ አካባቢ መታቻት። ከፍተኛ መኮንኑ ጆን ክሮምዌል አልወጣም። አሜሪካኖች የጃፓንን ምስጢራዊ መልእክት እየፈቱ እንደሚያነቡ፣ ቀጣይ ዘመቻቸውም የት እንደሆነ ያውቃል። ብያዝና ብሰቃይ አወጣዋለሁ ብሎ ከመርከቧ ጋር ሰመጠ። ጃፓኖቹ 42 ሰዎች ከባሕር አወጡ። አንዱ ክፉኛ ቆስሎ ስለነበር መልሰው ወረወሩት። 41 ቀሩ። ትሩክ ላይ ለቀናት ከተመረመሩና ከተደበደቡ በኋላ ለሁለት ተከፈሉ፤ 20ዎቹ ኡንዮ ላይ፣ 21ዱ ቹዮ ላይ። ለሁለቱም እህትማማቾች ደረሷቸው ማለት ነው።

ጉዞው በኖቬምበር 30 ተጀመረ። ዮኮሱካ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ከባድ አውሎ ነፋስ ያዛቸው። ሴይልፊሽ እዚያ እየጠበቀች ነበር፤ ከተፈታው ምስጢራዊ መልእክት የመርከቦቹን መምጣት ሰምታለች። ክሮምዌል ሞቶ የደበቀው ያው ምስጢር ነው። መልእክቱ መርከቦች እንደሚያልፉ ነገራት እንጂ ሆዳቸው ውስጥ ማን እንዳለ ሰርጓጇ አላወቀችም።

ዲሴምበር 4 ልክ እንደገባ፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አልፎ፣ የመጀመሪያው ቶርፔዶ የቹዮን አፍንጫ መታው። የፊተኛው ወለል ተደረመሰ። ካፒቴኑ በተሰበረ አፍንጫ ወደ ፊት ቢሄድ ማዕበሉ ገብቶ ይጨርሳታል፤ ስለዚህ መርከቧን ወደ ኋላ ማስኬድ ጀመረ። እስቲ አስቡት። ጨለማ፣ አውሎ ነፋስ፣ 180 ሜትር የሚረዝም ብረት ኋላውን አስቀድሞ ወደ አገሩ ሲንፏቀቅ። ሴይልፊሽም ማዕበሉ እያንገላታት ሌሊቱን ሙሉ ተከተለቻት። ሊነጋጋ ሲል ሁለተኛው ሞተር ክፍሉን አገኘው። ቆመች። ጠዋት ሦስተኛው ሲመታት በደቂቃዎች ውስጥ ሰመጠች። ወደ 1,250 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ ውስጥ ከ700 በላይ የሚሆኑት መንገደኞች ናቸው። ከ21ዱ አሜሪካውያን 20ው እዚያው ቀሩ።

ጓደኛዬ ዕጣ ፈንታ የሚለው ይህን ነው።

እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ። 21 ምርኮኛ የጦር መርከብ ላይ የጫነው ማነው? ዕጣ ነው? ወደቡ ላይ ቆሞ ሃያ እዚህ፣ ሃያ አንድ እዚያ ብሎ የቆጠረ ሰው አለ። ምልክት በሌለው መርከብ ምርኮኛ ማጓጓዝ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አዲስ ነገር አልነበረም። ከዓመት በፊት፣ በኦክቶበር 1942፣ ሊዝበን ማሩ የተባለች መርከብ የብሪታንያ ምርኮኞች ጭና በአሜሪካ ሰርጓጅ ተመታ ከ800 በላይ ምርኮኞች አልቀዋል። ታውቋል፣ ታይቷል። ቢሆንም ቀጠለ። ከቹዮ በኋላም ቀጠለ፤ በኦክቶበር 1944 አሪሳን ማሩ ስትሰምጥ የሞቱት አሜሪካውያን ከ1,700 በላይ ናቸው። በተደጋጋሚ፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ምክንያት የሚሆንን ነገር ዕጣ ፈንታ ማለት ለወሳኞቹ ምሕረት መስጠት ነው። ጃፓን የ1929ኙን የጄኔቫ የምርኮኞች ስምምነት ፈርማ ሳታጸድቀው ቀርታለች፣ ነገር ግን በ1942 በተቻለ መጠን እንደ ስምምነቱ እሠራለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ቃሉ ትሩክ አልደረሰም።

ጦርነት ነው፣ ከዚያ ሌላ ምን መርከብ ነበራቸው የሚለኝ ሰው ይኖራል። ገባኝ። የራሳቸውን ሰዎችም በዚያው መርከብ ነው የጫኑት። ግን እሱም ያናድደኛል እንጂ አያጽናናኝም። እነዚያ ከ700 በላይ ጃፓናውያን መንገደኞች ማን ያስባቸዋል? በሁለቱ ሰርጓጆች ታሪክ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የላቸውም። ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው ሊደርሱ አንድ ቀን ያህል ነው የቀራቸው። «ያዳነቻትን ገደለች» የሚለው አባባል ጆሮ ሲይዝ እነሱን ከታሪኩ ያወጣቸዋል፣ ምክንያቱም ለታሪኩ ውበት አያስፈልጉም።

አባባሉ ራሱም እኮ ልክ አይደለም። ሰርጓጅ ብረት ነው። ብረት ውለታ የለበትም። በ1939 ገመድ የጎተቱትና በ1943 የተማረኩት በአብዛኛው ያው ሰዎች አልነበሩም፤ በአራት ዓመት ውስጥ መርከበኛ ስንት ጊዜ ይለዋወጣል። እኛ ግን የብረቶቹን ስም አገናኝተን የሰዎቹን ነገር እንረሳለን። የሴይልፊሽን ሰዎች አልወቅስም። ከፊታቸው ያለው የጠላት አውሮፕላን ተሸካሚ ነው፣ በዚያ ጦርነት አሜሪካ በሰርጓጅ ያሰመጠችው የመጀመሪያው። እነሱ ያዩትን መቱ። መንገደኛ መርከብን ዒላማ አስመስለው፣ ዒላማውን ደግሞ መልሰው በሰው የሞሉት ግን ሌሎች ናቸው።

ታይዮ በኦገስት 1944፣ ኡንዮ በሴፕቴምበር 1944፣ ሁለቱም በሰርጓጅ ተመተው ሰመጡ። ከሦስቱ እህትማማቾች አንዷም ጦርነቱን አላለፈችም።

ከ21ዱ አንዱ ተርፏል ብያለሁ። ጆርጅ ሮሴክ ይባላል። ማዕበሉ ውስጥ እያለ አንዲት የጃፓን ዲስትሮየር በአጠገቡ ስታልፍ ጎኗ ላይ የተንጠለጠለ መሰላል አየ፣ ያዘው፣ ራሱን ጎትቶ ወጣ። ከዚያ ኦፉና ወደሚባለው የምርኮኞች ካምፕ ወሰዱት። በኡንዮ የመጡት 20 ጓዶቹ እዚያ ነበሩ። ከቹዮ የመጣው እሱ ብቻ ነበር።