ቀይ ወይን ፍሪጅ ቢገባ ምን ይሆናል?
«ቀይ ወይን ፍሪጅ ውስጥ አይገባም» የሚለው ላይ አልስማማም። ለቀይ ወይን የሚመከረው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ሳሎን ከዚያ በጣም ይሞቃል። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ የፍሬው ጣዕም ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩትና እንደገና ቅመሱት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የአገራችንን ቀይ ወይኖች አወዳድረህ ለአክሱሚት 9፣ ለጉደር 4 ነጥብ የሰጠኸው ወንድሜ፣ አክሱሚት እኮ ጣፋጭ ነው፣ ጉደር ደግሞ ድራይ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው። በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ጉደርን ከሪፍት ቫሊ ድራይ ቀይ ጋር አወዳድረው። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልልና ሌላ ሰው ይቅዳልህ፤ ስምና ዋጋ ሳታይ ነጥብ ስጥ። ከጥብስ ጋርም ሞክረው። ብቻውን አፍ የሚያደርቀው ጉደር ስጋና ቅቤ ሲያገኝ ለስለስ ይላል።