ልጁን ይዛ ሄዳ ትምህርቱ ለእሷ ታዘዘ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። አንዲት እናት የ5 ዓመት ልጇ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) እንዳለበት፣ ሐኪሙም ኪኒን ከማዘዝ ይልቅ እሷንና ባሏን ለወላጆች ሥልጠና እንደላካቸው አወራች።

«ልጁን ይዘሽ ሄደሽ ትምህርቱ ላንቺ ታዘዘ?» አሉ አንድ ጋሼ፣ ፈንዲሻቸውን እየቆረጠሙ። «እናቴን ማን አሠለጠናት? የዚህ መድኃኒቱ ቁንጥጫ ነው! ደግሞ የማይቀብጥ ልጅ የት አለ?» ማስረጃቸው ይኸው ነበር፤ እናታቸውና ቁንጥጫ።

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፣ ጋሼ» አለች አብራን ቡና የምትጠጣ ነርስ። ችግሩ ቤትም ትምህርት ቤትም ካልታየ ኤዲኤችዲ እንደማይባል፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2019 መመሪያው 4 ሞልቶት 6 ላልሞላው ልጅ የወላጅ ሥልጠናን ከኪኒን እንዳስቀደመ ነገረቻቸው። እናትየዋ አጥፍታ አይደለም፤ ነገሩ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። ይህን ስትል ጋሼ የመኪና ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ተቀምጠው፣ እንደገና ተነሥተዋል። እኔ ምንም አላልኩም።

እናትየዋ ቀጠለች። ድሮ ከኩሽና ሆና «ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን ያዝ፣ ወተትህን ጨርስ!» ስትል ልጁ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አጥልቆ ዝንብ ሲያይ ታገኘዋለች። አሁን ሥልጠናው ላይ እንደተማረችው አጠገቡ ሄዳ በርከክ ትልና ዓይኑን እያየች አንድ ነገር ብቻ ታዘዋለች። ሲያደርግ እዚያው «ጎበዝ፣ ጫማህን ባንዴ አደረግህ!» ትለዋለች።

«ጫማ ስላደረገ ይመሰገናል እንዴ!»

«ከነንፍጡ አልንዎት እኮ፣ ጋሼ።»

«ንፍጡስ አይጠረግም?»

«ሲጠርጉት በጥፊ ነው?»

ጋሼ ወደ ስኳር ዞሩ፤ የሚያቅበጠብጠው ከረሜላ ነው አሉ። አይደለም፣ ተጠንቶ ውድቅ የሆነ ወሬ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የእሳቸው ዘመን ትዝታ ነው። ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያቃተው ልጅ በር ላይ ተንበርክኮ ይውላል፣ ቤት ሲገባ በርበሬ ይታጠናል፣ በመጨረሻም «ትምህርት አይገባውም» ተብሎ ከብት ይነዳል። እሱ ዛሬ ሜሪላንድ ቡና እየጠጣ «ተገርፌ ሰው ሆንኩ» አይልም።

እኛስ? ለልደት አዳራሽ እንከራያለን፣ ዲጄ እንጠራለን፣ ኬኩ ሦስት ፎቅ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲሆን ግን ተደብቀን። ከነንፍጡ የምንወደው ፎቶ እስኪነሣ ድረስ ነው። ማታውኑ ደውለው «የእንትና ልጅ አእምሮው ተነካ አሉ» ያሉኝ ቡናውን አብረውን የጠጡ ናቸው። ሥልጠናው የት እንደሚሰጥ የጠየቀ አንድም የለም፤ ሁሉም ግን ልጁ የማን ወገን እንደሚመስል ሊነግረኝ ቸኩሏል።